ጳጉሜን የጠፋችበት ሠንጠረዥ፦ በሚቋረጡ ሴሽኖች የማይቋረጥ ሥራ ስለማቆየት

የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ የሚያርፈው በአንድ የዝናብ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ከወረታ ከተማ ብዙ በማይርቅ የፎገራ ቀበሌ የተተከለ የዝናብ መለኪያ ዕለታዊ ንባብ ነው። ከመስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. እስከ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ያሉት 12 ዓመታት፣ በጠቅላላው 4,383 ቀናት፣ በሦስት ሰዎች የእጅ ጽሕፈት ሰፍረውበታል። የጥናቱ ጥያቄ በሜዳው ላይ የሚዘንበው ዝናብና የሩዝ ማሳውን የሚያጥለቀልቀው ጎርፍ በስንት ቀን ልዩነት ይከታተላሉ የሚል ነው። ስሌቱን የሚያከናውነውን ፕሮግራም ያጻፍሁት ኮድ በሚጽፍ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ነው። በዚህ ጽሑፍ የማቀርበው የጥናቱን ውጤት አይደለም። ጥናቱን ለተሳሳተ መደምደሚያ ሊዳርገው ስለ ነበረ አንድ መርሳትና ከዚያ በኋላ ስለ ዘረጋሁት አሠራር ነው።

ሜዳውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ፎገራ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ለጥ ያለ ምድር ነው። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ከሚወስደው ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ የሚያመራው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ ተነሥተው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ክረምቱ ሲበረታ ከመፍሰሻቸው እየወጡ ማሳውንና መንደሩን ያጥለቀልቃሉ። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በቤተሰቤ ዘንድ ዛሬም ይነሣል። ሜዳው የአገሪቱ ሩዝ ዋነኛ መገኛ ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የተቋቋመው በወረታ ነው። ሩዝ ውኃ ይወዳል ማለት ግን ማንኛውንም ውኃ ይችላል ማለት አይደለም፤ ለብዙ ቀናት ሙሉ በሙሉ የተዋጠ ቡቃያ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጎርፉን መምጫ ሁለትና ሦስት ቀን አስቀድሞ ማወቅ ለገበሬው ትልቅ ነገር ነው፤ የተሳሳተ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ከዝምታ የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

ኤጀንቱ ጥያቄ ተቀብሎ መልስ ብቻ ከሚሰጥ ፕሮግራም የሚለየው ሥራውን ራሱ ስለሚያከናውን ነው። ፋይል ይከፍታል፤ ኮድ ይጽፋል፤ ኮዱን አስኪዶ ስሕተቱን ያያል፤ ያርማል። ነገር ግን ይረሳል። መርሳቱም ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው የራሱ የሞዴሉ ነው፤ ከእኛ ጋር የተነጋገረው ነገር በሞዴሉ ዕውቀት ላይ አይጨመርም። ስለ ሥራችን የሚያውቀው በዚያች ሴሽን የዐውድ መስኮት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ መስኮቱም መጠን ስላለው ሲሞላ የቀደመው ነገር ወይ ያጥራል ወይ ይወጣል። ሁለተኛው የመሥሪያ ቦታው ነው። አንዳንድ አገልግሎቶች ለእያንዳንዱ ሴሽን በሩቅ ሰርቨር ላይ ጊዜያዊ ማሽን ያዘጋጃሉ፤ ሴሽኑ ሲዘጋ ማሽኑ በውስጡ ካለው ፋይል ጋር ይደመሰሳል። ስለዚህ በማግስቱ የሚመጣው ኤጀንት ብልህና ታታሪ፣ ግን ትናንት ስለ ተባለው አንዳች ያልሰማ አዲስ ሠራተኛ ነው።

እኔ ይህን በንድፈ ሐሳብ ደረጃ አውቀው ነበር፤ ትርጉሙ የገባኝ ግን ክረምቱን በወላጆቼ ቤት ስሠራ ነው። ወረታ ላይ መብራት ሲሄድ አስቀድሞ አይነግርም፤ ኔትወርኩም እንደዚሁ። በየጠዋቱ ሥራዬን የምጀምረው ጥናቱ ምን እንደ ሆነ፣ ሠንጠረዡ የት እንዳለ፣ ትናንት የት እንደ ደረስን ለአዲሱ ኤጀንት በመንገር ነበር። የምነግረው ደግሞ ያን ጠዋት ትዝ ያለኝን ብቻ ነበር።

ጥፋቱ የተፈጠረው በሦስት ሴሽኖች ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሴሽን በሠንጠረዡ ያሉት ቀናት በእኛ አቆጣጠር የተመዘገቡ መሆናቸውን ለኤጀንቱ ነገርሁት። እርሱም ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፈ፤ አብረን ፈተሽነው፤ ሠራ። ፕሮግራሙ ወደ ሪፖዚተሪው ሳይላክ መብራት ሄደ። ኔትወርኩ ሲመለስ ሴሽኑ ተዘግቶ፣ ማሽኑም ተደምስሶ ነበር።

በሁለተኛው ሴሽን ስለ አቆጣጠሩ መናገሬን ረሳሁ፤ ይበልጥ በትክክል ለመናገር፣ እንደ ነገርሁት ቆጠርሁት። አዲሱ ኤጀንት ያገኘው ያልተለወጠውን ሠንጠረዥ ነው። 13ኛ ወር ሲያይ ስሕተት ነው አለ። የ2ኛውን ወር 30ኛ ቀን ሲያይም እንዲሁ፤ በእርሱ ዘንድ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ እንጂ ጥቅምት አይደለምና። ሥራውን ሲጨርስ ባቀረበው ዘገባ ልክ ያልሆነ ቀን የያዙ 84 መስመሮች መወገዳቸውን በግልጽ ጻፈ። ዘገባውን አነበብሁት። ደብተሩን ወደ ኤክሴል የገለበጥሁት ራሴ ነኝ፤ ብዙውን በሌሊት፣ በድካም። ከ4,383 መስመሮች 84 ስሕተት መሥራቴ አላስደነቀኝም፤ ከመቶ ሁለት እጅ እንኳ አይሞላም። አለፍሁት።

ዛሬ ቁጥሩን ስተነትነው እንዲህ ነው። በ12 ዓመታት ውስጥ የጳጉሜን ቀናት 63 ናቸው፤ ጥቅምት 30 ደግሞ 12 ጊዜ ይመጣል፤ ጥቅምት 29ም ቁጥራቸው በ4 በማይካፈለው 9 ዓመታት ተቀባይነት ያጣል። ድምሩ 84 ነው። ከ84ቱ የሚብሰው ግን የቀሩት 4,299 መስመሮች ያለ ምንም ተቃውሞ እንደ ጎርጎርዮሳዊ ቀን መነበባቸው ነው። መስከረም 1 ቀን 2004 ዓ.ም. እውነተኛ ቦታው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2011 ሆኖ ሳለ ጃንዋሪ 1 ቀን 2004 ሆነ። የጎደለው ቢያንስ በዘገባው ላይ ተጽፏል፤ የተዛባው ግን ድምፅ አላሰማም።

ለምን አላየሁትም? ኤጀንቱ የወርኃዊ ዝናብ ሥዕላዊ መግለጫ ሠርቶልኝ ነበር። ወራቱ ከ1 እስከ 12 በቁጥር ተቀምጠዋል፤ ከፍተኛው ዝናብ በ11 እና በ12 ላይ ቆሟል። ለእኔ ዐይን 11 ሐምሌ፣ 12 ነሐሴ ነው። የፎገራ ክረምት ልክ እንደዚያ ነውና ራሴን ነቅንቄ ተቀበልሁ። ኤጀንቱ ግን ኖቬምበርንና ዲሴምበርን ነበር ያስቀመጠው፤ ገበሬው ሩዙን የሚያጭድበትንና በቀሪው እርጥበት ጓያና ሽምብራ የሚዘራበትን ጊዜ ማለት ነው። አንዱን ሥዕል ሁለታችን በሁለት ዘመን አቆጣጠር አነበብነው፤ ሁለታችንም ትክክል መስሎ ታየን።

በሦስተኛው ሴሽን የዝናቡን መረጃ ከሳተላይት ምስል ጋር አጣመርን። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን በየዕለቱ የሚቃኘው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ ከደመናው መካከል በሚገኙት ቀናት በሜዳው ላይ የተኛውን ውኃ ያሳያል። 2004ም ሆነ 2015 በሳተላይቱ መዝገብ ውስጥ ስላሉ ማጣመሩ እንከን አልገጠመውም። ውጤቱ ጎርፍ የሚመጣው በሜዳው ላይ ዝናብ በሌለበት ጊዜ ነው የሚል ሆነ። ስለ አቆጣጠሩም ስለ ተወገዱት መስመሮችም የማያውቀው ሦስተኛው ኤጀንት ለዚህ ማብራሪያ አላጣም። ውኃው ከጉና በርብና በጉማራ የሚወርድ ስለ ሆነ የሜዳው ዝናብ ጎርፉን አይተነብይም አለኝ። ማብራሪያው ግማሽ እውነት አለው፤ አደገኛነቱም በዚያው ነው። ደስ ብሎኝ ለምዕራፍ አራት ሁለት ገጽ ጻፍሁ።

ስሕተቱን ያወጣው አባቴ ነው። ማታ ራት ላይ ስለ ውጤቱ ስነግረው አንድ ዓመት ያነሣል፤ ውኃ ቤታችን የገባበትን። «ልጄ፣ ያኔ እኮ ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ዘንቦ ነበር» አለ። «ጉና ይዝነብ አይዝነብ አላየሁም፤ የኛን ሰማይ ግን አይቻለሁ።» «በየትኛው ወር ነበር፣ አባባ?» አልሁት። «በጳጉሜን ነዋ! አንቺ ራስሽ ለዘመን መለወጫ መጥተሽ ውኃ ስትቀጂ የዋልሽ።» ደብተሩን አወጣሁ። በጳጉሜን 3 ትይዩ፣ በአስተያየት ዓምድ፣ ውኃ ወደ መንደሩ መግባቱ ተጽፏል። ከዚያ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ያንኑ መስመር በሠንጠረዡ ውስጥ ፈለግሁ። መስመሩ የለም። ሌላ ዓመት ፈለግሁ፤ የለም። በ12 ዓመት ውስጥ አንዲት ጳጉሜን አልነበረችም። የጻፍሁትን ሁለት ገጽ ለአማካሪዬ ልልክ ያሰብሁት በማግስቱ ጠዋት ነበር።

ጥፋቱን በመሣሪያው ላይ ብቻ ማሳበብ ይቀላል። ነገር ግን ለአንዱ የነገርሁትን ለሌላው ያልነገርሁ፣ የተሰጠኝን ዘገባም አንብቤ ያለፍሁ እኔ ነኝ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኔ የጥናቴን ዋና ውሳኔ በቃል ትቼው ነበር። ስለዚህ ሥራውን አቁሜ፣ መረጃው ራሱ እንዴት 12 ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ እንደ ቆየ ደብተሩን እንደ አዲስ መረመርሁት።

ደብተሩን የያዙት ሦስቱ ሰዎች ተከታትለው እንጂ አብረው አልሠሩም። ሆኖም ሁለተኛው ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ያለ ክፍተት ቀጥለዋል። ምክንያቱ ሲመረመር ቀላል ነው። ንባቡ የተጻፈው በተነበበበት ሰዓት እንጂ በወሩ መጨረሻ አይደለም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው በጎኑ ይጻፋል፤ ከሥር ያለው ግን ይነበባል። ከሁሉ በላይ፣ ዝናብ ያልዘነበበት ቀን «0» ሲባል ያልተለካበት ቀን «ታምሜ አልለካሁም» ወይም «መለኪያው ተሰብሮ ነበር» ተብሏል። «የለም» እና «አላየሁም» ተለይተዋል። እኔ ለኤጀንቶቼ ያልሰጠኋቸው ይህን ሥርዓት ነው።

አሁን የምሠራበት አደረጃጀት ከዚያ የተቀዳ ነው። በመጀመሪያ፣ ከደብተሩ የተገለበጠው ዋና ፋይል ለማንበብ ብቻ ክፍት ነው፤ ማንኛውም ኤጀንት ሊለውጠው አይችልም። የሚጣራና የሚለወጥ ሁሉ በሌላ ፋይል ይወጣል።

ሁለተኛ፣ ከሁለት ገጽ የማይበልጥ የውሳኔዎች ፋይል አለ፤ እያንዳንዱ ሴሽን የሚጀምረው እርሱን በማንበብ ነው። በፋይሉ እያንዳንዱ ውሳኔ ከነምክንያቱ ይሰፍራል። ቀናቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ 13ኛ ወር ትክክል ነው፤ በሰዓት ዓምድ ያለው «3» የጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንጂ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አይደለም፤ ባዶ ቦታ በዜሮ አይተካም። ምክንያቱን መጻፍ አስፈላጊ የሆነው ምክንያት የሌለው ትእዛዝ ለኋለኛው ሠራተኛ ስሕተት ስለሚመስለው ነው፤ ብልህ ሠራተኛ ደግሞ ስሕተት የመሰለውን ያርማል። ማጠሩም እንዲሁ ያስፈልጋል፤ ፋይሉ በረዘመ ቁጥር የዐውድ መስኮቱን ስለሚያጣብብ ዋናው ነገር በዝርዝሩ ውስጥ ይሰወራል።

ሦስተኛ፣ የሥራ መዝገብ አለ። ቀድሞ ኤጀንቱን የማዝዘው ሴሽኑ ሲያበቃ የሠራውን እንዲጽፍ ነበር። ሴሽን ግን የመጨረሻ ሰዓቱን አያውቅም፤ መብራት ሲሄድ የስንብት ጊዜ አይሰጥም። አሁን እያንዳንዱ ትንሽ እርምጃ እንደ ተጠናቀቀ ይመዘገባል፤ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. በጀመረው ጊት አማካይነት ኮሚት ይደረጋል፤ ወዲያውም ከማሽኑ ውጭ ወዳለው ሪፖዚተሪ ይላካል። ኮሚት ተደርጎ ያልተላከ ሥራ ከማሽኑ ጋር ይጠፋል። በመዝገቡ የተሳካው ብቻ ሳይሆን ተሞክሮ ያልሠራውም ይጻፋል፤ ያለዚያ አዲሱ ኤጀንት የትናንቱን ከንቱ ድካም ከመጀመሪያው ይደግመዋል።

አራተኛ፣ ቴስቶች አሉ። ማስታወሻ ተነብቦ ሊዘነጋ ይችላል፤ ቴስት ግን ሥራውን ያስቆማል። የእኔ ቴስቶች ጥቂት ናቸው። መስመሮቹ 4,383 መሆን አለባቸው። ከእነርሱ 63ቱ የጳጉሜን መሆን አለባቸው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ወደ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መለወጥ አለበት። ከተለወጠ በኋላ ከፍተኛው ወርኃዊ ዝናብ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ መውደቅ አለበት፤ ይህ የመጨረሻው የሜዳው ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ ሁለተኛው ሴሽን ገና ከመነሻው ይቆም ነበር።

ይህን ከዘረጋሁ በኋላ ምሳሌው ያልነገረኝን ሁለተኛ ትምህርት አገኘሁ። በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል፤ የተሳሳተውም ይወረሳል። አንድ ኤጀንት በሥራ መዝገቡ ላይ የሳተላይቱ ቀናት ከዝናቡ ጋር መስተካከላቸውን ጻፈ። እርማቱን ኮዱ ላይ አድርጎ ነበር፤ ፕሮግራሙን ግን አላስኬደውም፤ ከዚያ በፊት ሴሽኑ ተቋረጠ። ተከታዩ «ተስተካክሏል» የሚለውን አምኖ ሁለት ቀን በላዩ ገነባ። የቃል መርሳት ቢሆን ኖሮ እንደገና ይመረምር ነበር፤ ጽሑፉ ግን ከመመርመር አሳረፈው። ከዚያ ወዲህ መዝገቡ ሦስት ዓይነት ቃል ብቻ ይቀበላል፦ «ተረጋግጧል»፣ ከቴስቱ ውጤት ጋር፤ «ተሠርቷል፣ አልተፈተሸም»፤ «ግምት»። አዲስ ሴሽንም ወደ ፊት ከመሄዱ በፊት የቀደመው «ተረጋግጧል» ያለውን ራሱ ደግሞ ያስኬዳል። የደብተሩ ሰዎች «0» እና «አልለካሁም» ብለው የለዩት ይህንኑ ነው።

ሥርዓቱ ሲጸና ሌሊት እኔ ሳልኖርም እንዲሠራ አንድ አነስተኛ አስነሺ ፕሮግራም ጨመርሁ። ከተራው አንድ ሥራ ያነሣል፤ ሴሽን ይከፍታል፤ ሴሽኑ ቢሞት ሌላ ይከፍታል። በዚህም ሦስት ጥንቃቄዎች አስፈልገዋል። አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ቢሠራ ውጤቱ እንዳይለወጥ ተደርጎ መጻፍ አለበት፤ የሞተው ሴሽን የት እንደ ደረሰ ሁልጊዜ አይታወቅምና። ሥራው በአንዱ ሲያዝ «ተይዟል» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ ምልክቱ ግን የጊዜ ገደብ አለው፤ ያለዚያ በሞተ ሴሽን የተያዘ ሥራ ለዘላለም እንደ ተያዘ ይቀራል። አንዱ ሥራ ሦስት ጊዜ ከወደቀም አስነሺው ቆሞ እኔን ይጠብቃል። የማያቋርጥ ሙከራ ከጽናት ጋር አንድ አይደለም፤ ገንዘብ ይበላል፤ አንዳንድ ጊዜም ኤጀንቱ ቴስቱን ለማለፍ ሲል ራሱን ቴስቱን ወደ መለወጥ ይደርሳል። ስለዚህ ቴስቶቹም እንደ ዋናው መረጃ ለኤጀንቱ ዝግ ናቸው።

የሥርዓቱን ብቃት የለካሁት በማሽን ሳይሆን በሰው ነው። ስለ ጥናቴ ምንም የማያውቅ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሪፖዚተሪውን ብቻ ይዞ፣ እኔን ሳይጠይቅ፣ ለአንድ ሰዓት ሥራውን እንዲቀጥል ለመንሁት። ሦስት ቦታ ላይ ቆመ። ሦስቱም እኔ «ይህማ ይታወቃል» ብዬ ያልጻፍኋቸው ነበሩ፤ አንዱ የመለኪያው ቦታ በዓመታቱ መካከል መዛወሩን የሚመለከት ነው። ጻፍኋቸው። ይህን ፈተና ከኤጀንት ጋር ለሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሁሉ እመክራለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ሰዓትና አንድ ታጋሽ ጓደኛ ነው።

አቆጣጠሩ ከተስተካከለ በኋላ የሜዳው ዝናብ ወደ ስሌቱ ተመልሷል። የጉና ውኃ ድርሻም አልተሰረዘም፤ የሁለቱን መጠን ለመለየት ሥራው ገና እየተካሄደ ነው። ያን ሁለት ገጽ ከምዕራፍ አራት አወጣሁት፤ ከነቀኑ ግን በሥራ መዝገቡ አኑሬዋለሁ፤ እንደ ደብተሩ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ከሥሩ እንዲነበብ። ነገ ጠዋት የሚከፈተው ሴሽን እኔንም አባቴንም አያውቅም። ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የሚያነበው የመጀመሪያ መስመር ግን ዓመቱ 13 ወር እንዳለው ይነግረዋል።